አራተኛው መስመር

«አስያ፣ ልጅሽ ዳግመኛ የሰው ስልክ ባዶ ብታደርገው እኔ ምን ብዬ ነው የማቆያት?»

ጋሼ ሐምዱ ይህን የጠየቁኝ በ2005 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ባለችው የስልክ ጥገና ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ነው። እርድ የነካ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁና «አላህ ያውቃል» ብያቸው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ግን አፈርኩ። እሳቸው የጠየቁት እኔን ነበር።

ልጄ ሱንዱስ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው። የአሥረኛ ክፍል ነጥቧ አልበቃ ብሎ ቀረችና አንድ ዓመት ከእኔ ጋር አንዋር መስጊድ ሥር ቅመም ስትሸጥ ቆየች። ልቧ ግን ቅመሙ ላይ አልነበረም። የተበላሸ ራዲዮ፣ የቆመ ሰዓት፣ የጎረቤት የእጅ ባትሪ፣ ያገኘችውን ሁሉ ትፈታለች፤ አብዛኛውንም መልሳ ትገጥማለች። ከሟቹ አባቷ ጋር አብሮ አደግ የነበሩት ጋሼ ሐምዱ ይህን አይተው ሱቃቸው አስገቧት። በዚያ የጥገና ተራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወንዶች ናቸው። ሴት እሷ ብቻ ነበረች።

ጥፋቱ የደረሰው በሦስተኛ ወሯ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የደረቀ፣ ቢነኩት አልንቀሳቀስ ያለ ስልክ ይዞ መጣ። ሱንዱስ ነካካችው፣ ስልኩም ተነሳ። የተነሳው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ነው፤ አንድም ፎቶ፣ አንድም ስም አልነበረበትም። ልጁ እዚያው ቆሞ አለቀሰ። አጠገቧ የሚሠራው ረዲ፣ በሱቁ አራት ዓመት የቆየው፣ «መስታወቱ ላይ ከሚወጡት መስመሮች አራተኛውን ተጫኚ አልኳት፣ እሷ ሦስተኛውን ተጫነች» አለ። እሷ «አራተኛውን ነው የተጫንኩት» አለች። ማን ያምናታል? አዲስ ገቢ ናት፣ ሴት ናት፣ ስልኩ ደግሞ ባዶ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የኩዌት ወሬ ገባ። የሱንዱስ ጓደኛ ጠሂራ፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ልጅ፣ በደላላ በኩል ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ጉዳይዋን ጨርሳ ነበር። ሱንዱስም ለእኔ ሳትነግረኝ ፓስፖርት አውጥታለች። ፓስፖርቱን ያገኘሁት ፍራሽ ሳገላብጥ ነው። መልሼ እዚያው ቦታ አስቀመጥኩት። በሐሳቤ ልጄ አሥረኛ ፎቅ ላይ መስኮት ስትወለውል እግሯ ሲያዳልጣት አየሁ። ታማ ውሃ የሚሰጣት አጥታ አየሁ። እኔ ሐሳብ ሲገባኝ እንዲህ ነኝ፤ ዝናብ ሲያካፋ ጎርፍ የሚታየኝ ሰው ነኝ።

ስለዚህ በየቀኑ ሱቁ መሄድ ጀመርኩ። ጠዋት ቅመሜን እሸጣለሁ። በአሥር ሰዓት የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት አለኝ፤ ሀ ሁ የጀመርኩት በዚያው ዓመት መስከረም ነው። በመሀል ያለውን ሁለት ሰዓት ከሱንዱስ ኋላ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አሳልፈዋለሁ። ረዲ «ጠባቂሽ መጣች» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ትቆጣለች፤ ግን ሂጂ አላለችኝም።

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ነው፣ ሱቁ ጭር ሲል ጠየቅኋት።

«ቆይ አሁን ይሄ የደረቀ ስልክ የሚነሳው እንዴት ነው?»

«ምን ያደርግልሻል እማ?»

«የምፈራውን ነገር ልወቀው።»

ሳቀች። ከመደርደሪያው ለመለዋወጫ የተቀመጠ አሮጌ ስልክ አነሳች።

«መጀመሪያ ማብሪያውን ብቻ ተጭነሽ እስከ አሥራ አምስት ትቆጥሪያለሽ። በዚህ ከተነሳ ጉዳት የለውም። እየጻፍሽ ያላስቀመጥሽው ነገር ካለ እሱን ብቻ ይረሳል።»

«ካልተነሳስ?»

«ባትሪውን አውጥተሽ ትመልሻለሽ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ውስጡ ሥራ ላይ እያለ ድንገት ከነቀልሽበት፣ አንዳንዱ ከዚያ በኋላ የፋብሪካውን ስም እያሳየ ተገትሮ ይቀራል። ከሞቀ ደግሞ እስኪበርድ ትጠብቂያለሽ።»

«እሺ፣ በዚህም ካልተነሳ?»

«ማብሪያውንና የድምፁን ቁልፍ አንድ ላይ ትይዣለሽ።» ይዛ አሳየችኝ። መስታወቱ ጠቆረና አምስት መስመር ጽሑፍ ወጣ። «አየሽ? እዚህ ውስጥ አንዱ መስመር ስልኩ ሲሠራ ያጠራቀመውን ጥራጊ ብቻ ይጠርጋል። አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ይነሳል። አንዱ ደግሞ ቤቱን ከነዕቃው ያራግፋል። ፎርማት የሚሉት እሱን ነው። ተማሪው ላይ የደረሰው እሱ ነው።»

«የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ትለያላችሁ?»

«በቁጥር። ሦስተኛው ሁሉን ያጠፋል፣ አራተኛው ጥራጊ ይጠርጋል።»

«አታነቡትም?»

«ቻይንኛ ነው እኮ እማ! በዚህ ተራ ማን ያነበዋል?»

መስመሮቹን ትክ ብዬ አየኋቸው። ሦስተኛው ረጅም ነው፤ አራተኛው አጭር፣ አራት ፊደል ብቻ። ያ ሁሉ እንግሊዝኛ የሚያነብ ወጣት፣ ኮምፒውተር የሚፈታ ወጣት፣ እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ እንደ እኔ ሆነ ማለት ነው። እኔ አርባ ስድስት ዓመት በቁጥር ነው የኖርኩት። የኮልፌ ታክሲ ከመስመሩ ሦስተኛው ላይ ይቆማል ብዬ ይዤ፣ አንድ ቀን ተራው ተቀያይሮ አስኮ ወርጃለሁ። ረዳቱ «እማማ ታፔላው ላይ ተጽፏል እኮ» ሲለኝ የተሰማኝን አልረሳውም።

ይህን ለሱንዱስ አላልኳትም። ያን ጊዜ ለእኔም ነገሩ በደንብ አልታየኝም። ፍርሃቴ ግን ጨመረ።

እሑድ ረፋድ ልብስ እያሰጣች እንዲህ አለችኝ፦

«እማ፣ ፓስፖርቴን አይተሽዋል አይደል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ደላላው እስከ ማክሰኞ ካላመጣሽው ስምሽን ሰርዤ ሌላ አስገባለሁ ብሎኛል።»

«ይሰርዘዋ!»

«ከሱቁ ካስወጡኝስ? ተመልሼ እርድ ልስፈር?»

«እርድ ሰፍሬ አይደል ያሳደግሁሽ?»

«እሱን አላልኩም። ጋሼ ሐምዱ የቀረሽ አንድ ዕድል ነው ብለውኛል። ሥራው ካለኝ እቀራለሁ። ከሌለኝ ከጠሂራ ጋር እሄዳለሁ። እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው ፊት አላይም።»

እርጥቡን ጨርቅ ጨምቃ ገመዱ ላይ ጣለችው።

ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ እትዬ ሸዋርካብሽ ወደ ሱቁ ገባች። ገባች ከማለት ወረረች ማለት ይሻላል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከጨርቃ ጨርቅ ተራ ማን አያውቃትም። ኋላዋ ናኢማ የምትባል ወፈር ያለች ሴትዮ ትከተላታለች፤ የሙሽራ አክስት ናት።

«ሐምዱ! ሐምዱ የት አለ? ይሄ ስልክ ገደለኝ!»

«ምን ሆነ ሸዋርካብሽ?» አሉ ጋሼ ሐምዱ።

«ስሙን እያሳየ ተገተረ። ትላንት ማታ ልክ አዳምጬ ልቆርጥ ስል ደረቀ። ባትሪውን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ባሰበት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ሸዋርካብሽ መጻፍ አታውቅም። ድሮ የሰው ልክ የምትይዘው በክር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ክር፣ ትከሻው አንድ ቋጠሮ፣ ወገቡ አንድ ቋጠሮ። ስልክ ከገዛች ወዲህ ግን ሜትሩን ሰው ላይ ዘርግታ ለስልኩ ትነግረዋለች፤ ስልኩ ድምፅዋን ይቀዳል። እኔ ትምህርት ስጀምር አብረን እንማር ብያት «የእኔ ደብተር ይሰማል፣ ያንቺ ይሰማል?» ብላ ስቃብኛለች። አሁን በዚያ ስልክ ውስጥ የሠላሳ አንድ ሴት ልክ አለ። ከወራቤ ለልክ መጥተው ተመልሰዋል። ሠርጉ እሑድ ነው። ጨርቁ አንድ ዓይነት ነው፣ ከመጋዘን አልቋል፤ አንዴ ከተቆረጠ አይደገምም።

ረዲ ስልኩን ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ፎርማት ካደረግሁት በአሥር ደቂቃ ይነሳል።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«ውስጡ ያለው ይሄዳል።»

«ለእሱማ እኔም ቤት መዶሻ አለኝ!»

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ረዲ አልሳቀም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ያለ ፎርማት አልነካውም ጋሼ። ባዶ ቢሆን በእኔ ስም እንዳይሆን። ሱንዱስ ትሞክረው፣ እሷ ለምዳዋለች።»

ይህን ያለው ሊወጋት ነው። ጋሼ ሐምዱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ወደ ሱንዱስ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ትችያለሽ?» አሏት።

«እችላለሁ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እኔ በርጩማዬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁ።

ልጄን እየሠራች በደንብ ያየኋት ያን ቀን ነው። አልቸኮለችም። ስልኩ ሞቆ ነበር፤ ባትሪውን አወጣችና እስኪበርድ ጠበቀች። ሲም ካርዱን አወጣች። ሚሞሪውን አወጣች። «እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ድምፁ እዚህ ሚሞሪ ላይ አይደለም?» ብላ ሌላ ስልክ ላይ ሞከረችው። መንዙማና የአስቴርዬ ዘፈን ብቻ ተገኘበት። ባትሪውን መለሰች፣ ማብሪያውን ይዛ እስከ አሥራ አምስት ቆጠረች። የፋብሪካው ስም መጣ፤ እዚያው ቀረ። ቻርጀር ሰካችበት።

«ለምን ትሰኪዋለሽ?» አለች ናኢማ።

«ጠረጋው መሀል ላይ ባትሪ ካለቀበት ጭራሽ አይነሳም።»

ከዚያ ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ያዘች። መስታወቱ ጠቆረ። መስመሮቹ ወጡ።

«አራተኛው» አለ ረዲ ከትከሻዋ በላይ። «አሁን እንኳ በደንብ ቁጠሪ።»

«አንድ፣» አለች ሱንዱስ የድምፁን ቁልፍ እየተጫነች፤ ብርሃኑ አንድ መስመር ወረደ። «ሁለት። ሦስት። አራት።» ብርሃኑ አራተኛው ላይ ቆመ። አውራ ጣቷ ወደ ማብሪያው ሄደ።

«ቆይ!» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሱንዱስ በንዴት ቀላች።

«እማ! አሁን አይደለም!»

«እሱ አይደለም። ጣትሽን አንሺ።»

«አራተኛው ነው እኮ፣ ቆጥሬያለሁ!»

«ቁጥርሽ ልክ ነው። መስመሩ ግን ረጅም ነው። ቅዳሜ ያሳየሽኝ አጭር ነበር።»

ሱንዱስ ጣቷን አነሳች። አልተመቻትም፤ ግን አነሳች። ለዚያች ማንሳት እስከ ዛሬ አላህን አመሰግናለሁ።

«ያንን አሮጌ ስልክ አምጪው» አልኳት።

አመጣችው። የፋብሪካው ስም አንድ ነው፣ ዓይነቱ ግን ሌላ። እሱንም መስመሮቹ ላይ አደረሰችውና ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኛናቸው። ከዘንቢሌ ደብተሬንና እርሳሴን አወጣሁ።

«ጀማዓ!» አለ ረዲ፣ «እትዬ አስያ ሀ ሁን ሳይጨርሱ ቻይና ገቡ!»

«ዝም በል አንተ!» አለችው እትዬ ሸዋርካብሽ። «መርፌ ሲጠፋ የሚፈልግ ሰው አይረበሽም።»

አልመለስኩለትም። አስተማሪያችን ሁልጊዜ «አትቸኩሉ። ፊደል ሁሉ ከሩቅ ይመሳሰላል፤ ቀርባችሁ እግሩን እዩ» ትለናለች። እግሩን አየሁ። አሮጌው ስልክ ላይ ያለውን አራተኛ መስመር፣ ጥራጊ የሚጠርገውን፣ አንድ በአንድ ወደ ደብተሬ ቀዳሁ። ምን እንደሚል አላውቅም፤ ቅርጹን ነው የቀዳሁት። አራት ፊደል ነው። የመጀመሪያው በግራው ሦስት ጠብታ አለው። ሁለተኛው በግራው ጆሮ፣ በቀኙ ጣሪያ አለው። ከዚያ ሌላ ሁለት።

ቀጥዬ ሁሉን የሚያጠፋውን፣ ሦስተኛውን ቀዳሁ። እሱም በሦስት ጠብታ ይጀምራል፤ እሱም ጆሮና ጣሪያ አለው።

«አዩ?» አለ ረዲ። «ያው ናቸው።»

«ጅማሬያቸው ነው ያው። ‹ለመነ›ና ‹ለመደ›ም በአንድ ይጀምራሉ። የለመነና የለመደ ግን አንድ ነው?»

ጋሼ ሐምዱ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። እርሳሴን ይዤ ቀጠልኩ። ሁሉን የሚያጠፋው መስመር ከአራት ፊደል በኋላ አያቆምም። መሀሉ ላይ ዘንበል ያለ ጭረት አለ። ከጭረቱ ማዶ ሦስተኛው ፊደል ሁለት መንሽ አንዱ ባንዱ ላይ የተሰካ ይመስላል።

ከዚያ ወደ እትዬ ሸዋርካብሽ ስልክ ዞርኩ። እዚህ ያለው መስመር ስድስት ነው። ሦስተኛው ላይ ጠብታ የለም፤ በአሮጌው ስልክ ላይ የሌለ አዲስ መስመር ገብቷል። አራተኛው፦ ሦስት ጠብታ። ጆሮና ጣሪያ። ከዚያ ቀጠለ። ጭረት። ከጭረቱ ማዶ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለቱ መንሾች።

«ይሄ ነው የሚያራግፈው» አልኩ። «አራተኛው ነው። አዲስ መስመር ገብቶ ሁሉንም አንድ አንድ ደረጃ አውርዷቸዋል።»

አምስተኛውን አየሁ። ሦስት ጠብታ፣ ጆሮና ጣሪያ፣ ሌላ ሁለት። አራት ፊደል። አበቃ። ከደብተሬ ጋር አመሳከርኩት። እንደገና አመሳከርኩት። የሠላሳ አንድ ሴት ቀሚስ፣ የልጄ መሄድና መቅረት፣ ሁሉም እነዚያ አራት ፊደሎች ላይ ተሰቅሎ ነበር። ላቤ ደብተሩ ላይ ጠብ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ አመሳከርኩት።

«አምስተኛውን ተጫኚ» አልኩ።

ሱንዱስ ራሷ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ስልኮች አየች። ደብተሬን አየች። በእኔ አምና ብቻ አልተጫነችም፤ ጠብታውን ቆጠረች፣ ጣሪያውን በጥፍሯ ነካች። ከዚያ «ትክክል ነሽ» አለችና ብርሃኑን አንድ መስመር አወረደችው። ማብሪያውን ተጫነች።

ከታች ጥቃቅን ጽሑፍ ወጣ። ከዚያ ምንም የለም።

አንድ ደቂቃ ሆነ። ሁለት ሆነ። ናኢማ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ትላለች። ረዲ እጁን ዘረጋ።

«ደርቋል፤ ባትሪውን ንቀይና እንደገና ጀምሪ።»

ሱንዱስ እጁን ጠፍ አደረገችው።

«አትንካ! እየጠረገ ነው። አሁን ከነቀልነው ነው የሚሞተው።»

እሷ ለማንም እንዲህ ብላ አታውቅም ነበር። ረዲ እጁን ሰበሰበ።

መስመሮቹ ተመልሰው ወጡ። ሱንዱስ የመጀመሪያውን፣ ማስነሻውን ተጫነች። የፋብሪካው ስም መጣ። ቆመ። እትዬ ሸዋርካብሽ ዓይኗን ጨፈነች። ስሙ ጠፋ፤ መስታወቱ ጨለመ፤ ከዚያ ቦግ አለ። የእትዬ ሸዋርካብሽ የልጅ ልጅ ፎቶ፣ ጥርስ የሌለው ሳቅ፣ መስታወቱን ሞልቶ ወጣ።

ጩኸታችን እህል በረንዳ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። የአጎራባች ሱቅ ሰዎች ጠብ የተነሳ መስሏቸው ሮጠው መጡ። እትዬ ሸዋርካብሽ ስልኩን ነጠቀችና የቀዳችውን ከፈተች፤ ስልኩ እስከ ጥግ በተከፈተ ድምፅ መናገር ጀመረ፦

«ሱሀይር፣ የሙሽራዋ ታናሽ። ትከሻ ሠላሳ ስምንት። ደረት ሰማንያ አራት። መቆም አትችልም፣ እንደ ፌንጣ ናት።»

«አለ!» ጮኸች። «አለ በእመቤቴ!» ሁለተኛውን ነካች።

«ናኢማ፣ የሙሽራዋ አክስት። ወገብ ዘጠና ስምንት። ሰማንያ አምስት ብለሽ ያዢልኝ ብላኛለች። ሰማንያ አምስት ብዬ ብሰፋላት ኬክ ሳይቆረጥ ትፈነዳለች።»

ሱቁ ሙሉ ሰው ወደ ናኢማ ዞረ።

«አንቺ ሸዋርካብሽ!»

«ምን ላድርግ እናቴ፣ የተናገረው ስልኩ ነው!»

ናኢማ ልትቆጣ ሞከረች፣ አልቻለችም። ጠረጴዛውን ተደግፋ ሳቀች፤ ሆዷ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። «እሺ ዘጠና ስምንት አድርጊው፤ ሥጋው ከእንግዲህ የት ይሄዳል» አለች። እትዬ ሸዋርካብሽ ሱንዱስን ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እጇን ሳመቻት፤ ቀጥላ እኔን። «አስያ፣ ያንቺም ደብተር ይሰማል ለካ!» አለችኝ።

ጋሼ ሐምዱ ግን አልሳቁም። የእትዬ ሸዋርካብሽን ስልክ ተቀብለው ገለበጡትና ጀርባውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ረዲ» አሉ፣ «የዚያ ተማሪ ስልክ ዓይነቱ ምን ነበር?»

ረዲ መሬት መሬት አየ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እልኸኛ እንጂ።

«ይሄው ነው ጋሼ።»

«ስድስት መስመር ያለው።»

«ቆጥሬው አላውቅም። አራተኛው ነው ያልኳት።»

«እሷም አራተኛውን ነው የተጫነችው።»

«እንግዲህ... አዎ።»

ሱንዱስ ጀርባዋን ሰጥታን መፍቻዎቹን ትደረድር ጀመር። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እናት ከኋላም ታያለች። ረዲ ወደ እሷ ተጠጋና «አውፍ በይኝ፣ ወላሂ እኔም አላወቅሁም» አላት። እሷ ሳትዞር «ሻይ ትጋብዘኛለህ፣ በብስኩት» አለችው።

ጋሼ ሐምዱ ጮክ ብለው፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ አድርገው ተናገሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ቻይንኛ የሚያወጣ ስልክ ሁሉ መጀመሪያ በሱንዱስ እጅ ያልፋል። እሷ ሳታይ ማንም ቁጥር እንዳይጫን።» ከዚያ የስልክ ካርቶን ቀደዱና ንጹሑን ገጽ ወደ እኔ ገፉት። «አስያ፣ እነዚያን ሁለት መስመሮች እዚህ ላይ በትልቁ ጻፊልኝ።»

ጻፍኩ። ጠብታውን፣ ጆሮውን፣ ጣሪያውን፣ ጭረቱን፣ መንሾቹን። ረጅሙ መስመር አጠገብ በአማርኛ «ይህን አትንኩ» ብዬ ጻፍኩ። ከአጭሩ አጠገብ «ይህ ይጠርጋል» አልኩ። ከትምህርት ቤት ውጭ ሰው እንዲያነበው ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ነው። «ኩ»ው ትንሽ ጠሟል፤ ሱንዱስ ላስተካክልልሽ ስትለኝ እምቢ አልኩ። ካርቶኑ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። በሳምንቱ ውስጥ ከጥገና ተራው ከሌሎች ሱቆች እየመጡ ፎቶ ያነሱት ነበር። አንዱ ጎልማሳ ጢማም ሰውዬ «የጻፈችው የት ተምራ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ረዲ ኮራ ብሎ «ቀበሌ» አለው።

ያን ቀን ክፍል የደረስኩት ግማሽ ሰዓት ዘግይቼ ነው። አስተማሪያችን ለምን ዘገየሽ ብትለኝ ልነግራት ጀምሬ ሳቄ መጣና አቃተኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ጠሂራ በራችንን አንኳኳች። ጥፍሯን ሂና ተቀብታለች፣ አዲስ ጫማ አድርጋለች። እኔ መጋረጃው ኋላ እርድ እየነፋሁ ነበር፤ መንፋቱን አቆምኩ።

«ፓስፖርትሽን አምጪ፣ ደላላው እየጠበቀን ነው» አለቻት።

«አልሄድም ጠሂ።»

«ትቀልጃለሽ!»

«ሥራ አለኝ።»

ጠሂራ አዲሱን ጫማዋን ቁልቁል አየች። «አብረን ነው ያልነው እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ሳስቶ ነበር።

«አውቃለሁ። አንቺም ቅሪ።»

«እኔማ ምን ላይ ልቅር?»

ተቃቅፈው ቆሙ። ያን ጊዜ ደስታዬ ሙሉ ነበር ብል ውሸት ነው፤ የጠሂራን እናት ሳስብ ሐፍረት ነገር ያዘኝ። ሚጥሚጣና ኮረሪማ በሁለት ከረጢት ቋጠርኩላት። እዚያ የሚሰጧት ምግብ አልጥም ቢላት ብዬ ነው።

ጠሂራ በሳምንቱ ሐሙስ ወደ ኩዌት ሄደች። ሱንዱስ ቀረች።